የአንባቢያን ጥያቄ፦ ገንዘብ በአሜሪካ ምርጫና ሕግ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ባለሀብቱ በዴሞክራሲ ውስጥ ስላለው እጅ የሚጠይቁ ናቸው። ጠያቂዎቻችን በአሜሪካ የሚኖሩ በመሆናቸው መልሶቻችንም በዚያው አገር ሕግና አሠራር ላይ ያተኩራሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ «በዚህ አገር ምርጫ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ዝም ብለህ ትሰለፋለህ» ይሉኛል። እኔ ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ድምፅ ሳልሰጥ ቀርቼ አላውቅም። እውነት ድካሜ ከንቱ ነው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ከንቱስ አይደለም። የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከራሳቸው ኪስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። በዲሞክራቶች ቀዳሚ ምርጫ የቀናቸው ግን በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በአሜሪካን ሳሞአ። በ2016 ጄብ ቡሽን የሚደግፈው ቡድን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር፤ ዕጩው ግን አንድም ግዛት ሳያሸንፉ በየካቲት ወር ከውድድሩ ወጡ። በሲያትል በ2019 አማዞን ለከተማዋ ምክር ቤት ምርጫ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ፤ በዚያ ገንዘብ ከተደገፉት ዕጩዎች አብዛኞቹ ተሸነፉ።

ገንዘብ በምርጫው ዕለት ያለው ጉልበት እንደሚወራለት አይደለም። ጉልበቱ የሚበረታው ከዚያ ቀን በፊትና ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው መልሶች በሙሉ ይህንን ነገር ከተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ ናቸው።

በፊት ያለውን እንመልከት። አንድ ሰው ለኮንግረስ እወዳደራለሁ ብሎ ሲነሳ የፓርቲው ሰዎችና ጋዜጠኞች መጀመሪያ የሚያዩት የሩብ ዓመቱን የገንዘብ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ከሳሳ ሰውየው «ተፎካካሪ አይደለም» ተብሎ ይታለፋል፤ ስሙ ወደ እርስዎ ጆሮ አይደርስም። ለአንድ ዓመት ሥራውን ትቶ መቀስቀስ የማይችል መምህር ወይም ነርስ ከጅምሩ ከመዝገቡ ውጭ ነው። ተመርጦ የገባውም አያርፍም። በ2013 ለአዲስ የዲሞክራት ተመራጮች የቀረበ የናሙና የቀን መርሐ ግብር በቀን 4 ሰዓት ለገንዘብ ልመና ስልክ መድቦ ነበር። ከመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ መጠየቅ ሕግ ስለሚከለክል ተመራጮቹ ከምክር ቤቱ ወጥተው ወደ ፓርቲው ቢሮ እየሄዱ ይደውላሉ። በየቀኑ ለሰዓታት የሚያነጋግሩት 3,000 ዶላር ሳይከብደው የሚሰጥን ሰው ነው። ጉቦ ባይኖርም እንኳ ሰው ደጋግሞ የሚሰማውን ችግር የአገር ችግር አድርጎ መያዙ አይቀርም፤ እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው።

ከምርጫው በኋላ ስላለው ደግሞ ብዙ የተጠቀሰ ጥናት አለ። ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ከ1981 እስከ 2002 ሕዝብ አስተያየት የተጠየቀባቸውን 1,779 የፖሊሲ ጉዳዮች መርምረው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። ከከፍተኛ ገቢ ባለቤቶች አምስት አንዱ ብቻ የደገፈው ለውጥ ተግባራዊ የሚሆነው 18 በመቶ ያህል ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ሲደግፉት ወደ 45 በመቶ ይደርሳል። የመካከለኛው ሰው ፍላጎት ለብቻው ተለይቶ ሲለካ የሚያመጣው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በጥናቱ ላይ የቀረበውን ትችትም ማወቅ ያስፈልጋል፦ ሀብታሙና መካከለኛው በአብዛኞቹ ጉዳዮች ላይ አንድ ዓይነት ሐሳብ አላቸው፤ ስለዚህ ተራው ዜጋ ብዙ ጊዜ የፈለገውን ያገኛል። ልዩነቱ የሚወጣው ሁለቱ በሚለያዩባቸው ጉዳዮች ነው፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ግብር ያሉ በቀጥታ ኪስ የሚነኩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ዕጩ የሚሰጠው ገንዘብ ገደብ አለው ይባላል። ታዲያ ኢሎን መስክ በ2024 በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ እንዴት አወጣ? ሕጉ ለሀብታምና ለድሃ የተለያየ ነው?
ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ገደቡ አለ። ለ2025 እና 2026 አንድ ግለሰብ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው። ቀዳሚውና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ በድምሩ 7,000 ይሆናል። ኩባንያዎች ከካዝናቸው ለፌዴራል ዕጩ እንዳይሰጡ ከ1907 ጀምሮ ተከልክለዋል።

ሌላው መንገድ የተከፈተው በፍርድ ቤት ነው። ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 የወጣው ሕግ ልገሳንም ወጪንም ገድቦ ነበር። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባክሊ እና ቫሌዮ በተባለው መዝገብ ሁለቱን ለያያቸው፦ ለዕጩ በቀጥታ መስጠት ሊገደብ ይችላል፣ ምክንያቱም ሙስና ያስከትላል፤ ራስን ችሎ ገንዘብ አውጥቶ ሐሳብን መግለጽ ግን የንግግር ነፃነት ስለሆነ አይገደብም። በጥር 2010 ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ይኸው መብት ለኩባንያዎችና ለሠራተኛ ማኅበራትም ተሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተጨማሪ እርምጃ ሄደ፤ ራሱን ችሎ ብቻ የሚያወጣ ቡድን ያለ ገደብ ገንዘብ መቀበል ይችላል አለ። ሱፐር ፓክ የሚባለው የተወለደው በዚህ ውሳኔ ነው። መስክ በ2024 ለዶናልድ ትራምፕና ለሪፐብሊካን ዕጩዎች ድጋፍ ካወጡት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አብዛኛው የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

«ራስን ችሎ» የሚለው ሁኔታ በወረቀት ላይ ጥብቅ ይመስላል፤ ሱፐር ፓክና ዕጩ በስልት ላይ መመካከር የለባቸውም። በተግባር ግን ዕጩው ፎቶግራፎቹን፣ የቪዲዮ ቁርጥራጮቹንና «መራጮች ይህን ማወቅ አለባቸው» የሚል ጽሑፍ በገዛ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ ሱፐር ፓኩ ከዚያ ያነሳል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ነገር እንደ ምክክር አይቆጠርም። በመጋቢት 2024 ደግሞ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ቤት ለቤት በሚደረግ ቅስቀሳ ላይ መመካከር እንደሚቻል አስተያየት ሰጠ። ከቀድሞው ግድግዳ ትልቅ ክፍል በዚህ ፈረሰ።

ከሱፐር ፓክ የሚብሰው ምንጩ የማይታወቀው ገንዘብ ነው። ሱፐር ፓክ የለጋሾቹን ስም ያሳውቃል። በግብር ሕጉ ክፍል 501 ሲ 4 ስር «ለማኅበራዊ ደኅንነት» ተብለው የተቋቋሙ ድርጅቶች ግን በአብዛኛው የለጋሾቻቸውን ስም ለሕዝብ አያሳውቁም። ባለሀብቱ ለድርጅቱ ይሰጣል፣ ድርጅቱ ለሱፐር ፓኩ ያስተላልፋል፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የድርጅቱ ስም ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ፓርቲዎች ይጠቀሙበታል።

ተቆጣጣሪውስ? ኮሚሽኑ በሕግ 6 መቀመጫዎች አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ ከ3 በላይ መሆን አይችሉም፤ ማንኛውም ዋና ውሳኔ 4 ድምፅ ይፈልጋል። 3 ለ3 ሲሆን ምርመራው ይዘጋል። በ2025 የጸደይ ወራት ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ እስከማጣት ደረሰ። የተቆጣጣሪው ድክመት ከሕጉ ቀዳዳ ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ሎቢ የሚባለው በሕግ የተፈቀደ ጉቦ ነው ወይስ ሌላ ነገር? እባካችሁ በምሳሌ አስረዱኝ።
ከሲያትል

መልስ፦ በሕጉ ዓይን ሌላ ነገር ነው። ጉቦ ማለት ለተወሰነ የሥልጣን ተግባር በምላሹ ጥቅም መስጠት ነው። ሎቢ ማለት ባለሥልጣንን ለማሳመን የሚደረግ ንግግር ነው፤ ከ1995 ወዲህ በሙያው የተሰማራ ሰው መመዝገብ አለበት፣ ከ2007 ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ማን እንደቀጠረው፣ ስንት እንደከፈለውና በየትኛው ሕግ ላይ እንደሠራ ያሳውቃል። በቅርብ ዓመታት በፌዴራል ደረጃ ለሎቢ የሚወጣው በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጉቦን ትርጉም እያጠበበ መጥቷል። የቨርጂኒያ ገዥ የነበሩት ቦብ ማክዶኔል ከአንድ ነጋዴ የሮሌክስ ሰዓትን ጨምሮ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታና ብድር ተቀብለው ተፈርዶባቸው ነበር። በ2016 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው፤ ስብሰባ ማመቻቸት ወይም ሰው ማስተዋወቅ ብቻውን «የሥልጣን ተግባር» አይደለም ብሎ። በ2024 ደግሞ የፖርቴጅ፣ ኢንዲያና ከንቲባ የነበሩት የጄምስ ስናይደር ጉዳይ ቀረበ፤ ከተማው የቆሻሻ መኪና ከገዛ በኋላ ሻጩ 13,000 ዶላር ከፍሏቸዋል። በ6 ለ3 ድምፅ የተወሰነው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ እጅ መንሻ በዚያ የፌዴራል የጉቦ ሕግ አይሸፈንም የሚል ነው፤ ለግዛትና ለከተማ ሹማምንት ጉዳዩ ለየግዛቱ ሕግ ተተወ።

ምሳሌ ጠይቀዋል። ሜዲኬር የተባለውን ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ የመድኃኒት ሽፋን ይውሰዱ፤ ወላጆቻቸው 65 ዓመት የሞላቸው አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ሽፋኑን ያቋቋመው ሕግ በኅዳር 22 ቀን 2003 በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥበት ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ድምፅ አሰጣጥ ሦስት ሰዓት ያህል ተከፍቶ ቆየ፤ ውጤቱ 220 ለ215 ሆነ። በመቶዎች በሚቆጠሩት ገጾች መካከል አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች፦ የጤና ሚኒስትሩ በመድኃኒት አምራቾችና በኢንሹራንሶች ድርድር ጣልቃ አይገባም። ትርጉሙ በአገሪቱ ትልቁ የመድኃኒት ከፋይ ዋጋ መከራከር አይችልም ማለት ነው። የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር በበኩሉ ዋጋ ይደራደር ነበር፤ ስለዚህ አይቻልም የሚያሰኝ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉ ካለፈባቸው የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች አንዱን ይመሩ የነበሩት የሉዊዚያናው ቢሊ ቶዛን በጥር 2005 የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ወንጀል አልነበረም። ሕጉ የቀድሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለአንድ ዓመት፣ ሴናተር ለሁለት ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን በሎቢ እንዳያነጋግር ይከለክላል፤ ማኅበር መምራትን ወይም ከኋላ ሆኖ ማማከርን ግን አይከለክልም።

ያቺ አንቀጽ ለ19 ዓመታት ቆየች። በነሐሴ 2022 የወጣው ሕግ በከፊል አነሳት፤ የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች የድርድር ዋጋ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይሠራል። በዚያው ሕግ የሜዲኬር ተጠቃሚ ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍልም። መድኃኒት ቤት ከዚህ በላይ ከጠየቃችሁ ኢንሹራንሱ ጋ ደውላችሁ ተከራከሩ።

በዚሁ በ2022 ሕግ ውስጥ ተቃራኒውም ታይቷል። ረቂቁ የኢንቨስትመንት ፈንድ አስተዳዳሪዎች ከትርፍ የሚያገኙት ድርሻ የሚቀረጥበትን ልዩ መንገድ ለማጥበብ ያስብ ነበር። ይህ ገቢ እንደ ደመወዝ ቢቆጠር ከፍተኛው የግብር መጠን 37 በመቶ ነው፤ እንደ ረጅም ጊዜ የካፒታል ትርፍ ሲቆጠር ግን መሠረታዊው መጠን 20 በመቶ ነው። ሴኔቱ 50 ለ50 በተከፈለበት ወቅት የአሪዞናዋ ሴናተር ኪርስተን ሲነማ ይህ ክፍል ካልወጣ እንደማይደግፉ ስላሳወቁ ወጣ። ምርጫ ወይም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አላስፈለገም፤ አንድ ድምፅና አንድ የማይታወቅ አንቀጽ በቂ ነበሩ። ባለገንዘቡ በቋሚነት ሰው ቀጥሮ የሚያስጠብቀው እንዲህ ያለውን አንቀጽ ነው፤ ተራው ዜጋ መኖሩን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፤ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። የምንደግፈውን የኮንግረስ ዕጩ በቤቴ ራት ልጋብዝ አስቤያለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም 500 ዶላር ልላክና በስምሽ ጨምሪልኝ ይላል። ይቻላል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ የወንድምዎን ነገር በጭራሽ አያድርጉት። የውጭ ዜጋ በፌዴራልም፣ በግዛትም፣ በከተማም ምርጫ ገንዘብ መስጠት አይችልም። በሌላ ሰው ስም መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ሰጪው ብቻ ሳይሆን ስሙን ያዋሰውም ይጠየቃል። ለሠራተኛ «ቦነስ» ሰጥቶ ለዕጩ እንዲያዋጣ ማድረግም ያው ነው።

እርስዎ ራስዎ ግን ግሪን ካርድ ስላለዎት ከገዛ ገንዘብዎ እስከ 3,500 መስጠት ይችላሉ። የሥራ ፈቃድ፣ የተማሪ ቪዛ ወይም ጊዜያዊ ጥበቃ ያለው ሰው አይችልም። በጥሬ ገንዘብ ከ100 ዶላር በላይ አይስጡ። የግል ቼክዎን ይጠቀሙ፤ ምግብ ቤቱ እንደ ኮርፖሬሽን የሚገበር ከሆነ የምግብ ቤቱ ቼክ የተከለከለ ነው። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ሆኖ ግብሩ በእርስዎ ስም የሚከፈል ከሆነ እንደ ግል ልገሳዎ ይቆጠራል። ከፌዴራል መንግሥት ጋር በግልዎ የሥራ ውል ካለዎትም መስጠት አይፈቀድም።

ስለ ራቱ፦ በመኖሪያ ቤትዎ ከሆነ ለምግብና ለመጠጥ የሚያወጡት እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እንደ ልገሳ አይቆጠርም። ባልና ሚስት ከሆናችሁ 2,000 ይሆናል። በምግብ ቤቱ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። የቅስቀሳ ቡድኑ መክፈል አለበት፤ ቅናሽ ማድረግ ይችላሉ፣ ነገር ግን ዋጋው ምግቡ ካስወጣዎት በታች መውረድ የለበትም፤ ቅናሹም ከ1,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ምግቡ ከኛ ነው» ብሎ በነፃ ሲያቀርብ ነው፤ ቤቱ ኮርፖሬሽን ከሆነ ያ ሕገ ወጥ የኩባንያ ልገሳ ነው። ደረሰኝ ይያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ የመራጭነት ምዝገባ ሳጥን ላይ ምልክት እንዳያደርጉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገንዘብ መስጠት ይችላል፣ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም፤ ስህተቱ ከአገር እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስለ ኤች አር 128 ብዙ ደክመናል። እኛ ገንዘብ የለንም፣ መንግሥታት ግን ውድ ሎቢስት ይቀጥራሉ። ታዲያ ያ ውሳኔ እንዴት አለፈ?
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው ይህ የውሳኔ ሐሳብ በሚያዝያ 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ከዋና ደጋፊዎቹ አንዱ የእናንተው ከተማ ተወካይ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። ወረዳቸው በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል የሚዋልል ነበር፤ በእንዲህ ያለ ወረዳ በአንድ ላይ የሚቆም የጥቂት ሺህ ሰዎች ማኅበረሰብ ከቼክ በላይ ይመዝናል። ተወካዩ አንድ ፓርቲ ሁልጊዜ በሚያሸንፍበት ወረዳ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል ባልሰሙ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም። የውሳኔ ሐሳቡ አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ ከአንድም የአሜሪካ ባለሀብት ኪስ የሚያወጣው ነገር አልነበረውም። የተደራጀ የገንዘብ ተቃዋሚ በሌለበት ጉዳይ ላይ የተራ ሰው ስልክና ደብዳቤ ውጤት ያመጣል። በ2022 የቀረበውና ማኅበረሰባችን ለሁለት የተከፈለበት ኤች አር 6600 ማዕቀብና የገንዘብ ገደብ ያለበት እውነተኛ ሕግ ስለነበር መንገዱ ረዘመበት፤ ሕግ ሳይሆንም ቀረ።

እንዲህ ባለው ዘመቻ የምትሳተፉ ሁሉ አንድ ሕግ እወቁ። ከ1938 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት በውጭ መንግሥት ወይም በውጭ የፖለቲካ ፓርቲ ትእዛዝ ወይም ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ፖለቲካዊ ሥራ የሚሠራ ሰው በ10 ቀን ውስጥ በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት። በገዛ ፈቃዳችሁ ለተወካያችሁ መጻፍ መብታችሁ ነው፤ ከፓርቲ ወይም ከኤምባሲ መመሪያ ተቀብሎ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተመዘገቡት ውሎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የትኛው መንግሥት ለየትኛው የሎቢ ድርጅት በወር ስንት እንደሚከፍል በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ መፍትሔ ያገኘ ቦታ አለ?
ከሮክቪል፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሩቅ አይሂዱ፤ የሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ አንዱ ነው። ካውንቲው በ2014 ባወጣው ሕግ ዕጩ ከኩባንያም ከትልቅ ለጋሽም አልቀበልም ካለ የነዋሪውን ትንሽ ገንዘብ ያባዛለታል። በ2018 ለካውንቲ ሥራ አስፈጻሚነት የሚወዳደር ሰው በመጀመሪያ ከ500 ነዋሪዎች 40,000 ዶላር መሰብሰብ ነበረበት። ከአንድ ሰው የሚቀበለው ቢበዛ 150 ዶላር ሲሆን ካውንቲው ለመጀመሪያው 50 ዶላር ስድስት እጥፍ፣ ለሁለተኛው አራት፣ ለሦስተኛው ሁለት እጥፍ፣ በድምሩ 600 ይጨምርለት ነበር። ስለዚህ የአንድ ጎረቤት 150 ዶላር 750 ሆነ። በዚያ መንገድ የተወዳደሩት ማርክ ኤልሪች የራሳቸውን ሚሊዮኖች ያወጡትን ባለሀብት ዴቪድ ብሌርን በዲሞክራቶች ቀዳሚ ምርጫ በ77 ድምፅ አሸነፉ። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። በአንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ካለው ሰው ያነሰ ቁጥር ነው። ባለሀብት ግን ከውድድሩ አልወጣም፤ ሥርዓቱ ያደረገው ሀብት የሌለውም እንዲደርስ ነው።

ሲያትል ከ2017 ጀምሮ ነዋሪው ለመረጠው ዕጩ የሚለግሳቸውን አራት የ25 ዶላር ቫውቸሮች ይልካል፤ ግሪን ካርድ ያለውም መጠቀም ይችላል። ድክመቱ ከተላከላቸው ሰዎች መልሰው የሚጠቀሙበት ከአስር በመቶ በታች መሆናቸው ነው። በነሐሴ 2025 ነዋሪው ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ወስኗል። አሪዞና ሀብታም ተፎካካሪ ብዙ ሲያወጣ በመንግሥት ገንዘብ ለሚወዳደረው ዕጩ ተጨማሪ ትሰጥ ነበር፤ ይህን ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ5 ለ4 ሻረው። ቨርጂኒያ በአንጻሩ ለግዛት ምርጫ የልገሳ ገደብ የሚባል ነገር የላትም።

ካናዳ ከ2007 ጀምሮ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ለፌዴራል ፓርቲ እንዳይሰጡ ከልክላለች። ፈረንሳይ ወጪውን ራሱን ትገድባለች፤ በ2012 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጣሪያው 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የያኔው ፕሬዚዳንት የኒኮላ ሳርኮዚ ቅስቀሳ ወደ እጥፍ የሚጠጋ አወጣ፤ ፍርዱ የመጣው በ2021 ነው። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ የሚደርስ ቅጣት የሚቀጥለውን ዕጩ ምን ያህል ያስፈራዋል?

ጥያቄ፦ የእኔን ተወካይ ገንዘብ የሚሰጡት እነማን እንደሆኑ በራሴ ማየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?
ከአትላንታ

መልስ፦ በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የተወካይዎን ስም ይጻፉና የምርጫ ዘመኑን ይምረጡ። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ተዘርዝሯል። ስም በስም ከማየት ይልቅ ዝርዝሩን በአሠሪ ደርድሩት፤ ከአንድ ድርጅት በአንድ ሳምንት ውስጥ አስር ሰው ከፍተኛውን መጠን ሰጥቶ ካገኛችሁ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከ200 በታች የሰጡት ድምር ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ።

ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። «ገለልተኛ ወጪ» የሚለውን ክፍል ካልከፈታችሁ ሱፐር ፓኮቹ አይታዩም። እዚያ ማን ለዕጩው፣ ማን በዕጩው ላይ እንዳወጣ ተለይቶ ተቀምጧል። ጊዜውን ልብ በሉ፤ በመጨረሻዎቹ 20 ቀናት 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ወጪ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዘገባል፣ የለጋሾቹ ስም ግን እስከሚቀጥለው መደበኛ ሪፖርት ይቆያል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቡድኖች ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተቋቁመው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ስማቸውን የሚገልጡት። ከፖስታ ሳጥናችሁ የማታውቁት ቡድን በራሪ ወረቀት ስታገኙ ከታች በትንሹ የተጻፈውን ስም በዚሁ ድረ ገጽ ፈልጉት፤ መቼ እንደተመዘገበ ማየት ብዙ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው በሴኔቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው የሎቢ መዝገብ ነው። እዚያ በሰው ስም ሳይሆን በረቂቅ ሕጉ ቁጥር ፈልጉ፤ በዚያ ሕግ ላይ የሠሩ ሁሉ ከነቀጣሪዎቻቸው ይወጣሉ። ተወካያችሁ የትኛው ኮሚቴ ላይ እንደተቀመጠ ካወቃችሁ በኮሚቴው ፊት ያለውን ሕግ ይዛችሁ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስተያዩ። ቢሮው ስትደውሉም «ስለ ጤና ምን ታስባላችሁ» ብላችሁ አትጠይቁ። የሕጉን ቁጥርና አንቀጹን ጠርታችሁ፣ የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድ ነግራችሁ፣ ተወካዩ ይደግፈዋል ወይስ ይቃወመዋል በሉና የተቀበላችሁን ሠራተኛ ስም መዝግቡ። የጽሑፍ መልስም ጠይቁ። ከመዝገቡ ያገኛችሁትን የለጋሾች ስምና አድራሻ ግን ለማኅበር መዋጮ መጠየቂያ ወይም ለንግድ ማስታወቂያ እንዳትጠቀሙበት፤ ሕጉ ይከለክላል።